«ተስፋችን አንተ ነህ» አትበሉት!

ባለፈው ሳምንት በቤት አከራዮች ጉድ እንቀጥላለን ብያችሁ ነበር። ቃሌን አጥፌ አይደለም፤ አንዲት ደብዳቤ መጣችና ቅድሚያ ይገባታል ብዬ ነው። አከራዮቹ እንደሆኑ የትም አይሄዱም (ኪራይ ከመጨመር በቀር ምን ሥራ አላቸው?)፤ በሚቀጥለው እንመለስባቸዋለን።

ደብዳቤዋ ረዘም ስለምትል ትንሽ አሳጥሬያታለሁ። የሰውም የወረዳም ስም ሰርዣለሁ። ላኪዋ እንድትወጣ ፈቅዳለች። እንዲያውም «እንደኔ የተጨነቀች እህት ሌላም ትኖራለችና አውጣው» ብላኛለች። እነሆ፦

«የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ሳሪስ አካባቢ ሱፐር ማርኬት ውስጥ በካሸርነት እሠራለሁ። ቤተሰቦቼ ወሎ ገጠር የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ታናሽ ወንድሜ 12ኛ ክፍል ደርሷል። በእኛ ቀበሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሌለ ወረዳው ከተማ ላይ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። ኪራዩን የምልክለት እኔ ነኝ። ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ከአንድ እስከ ሦስት ካሉት ወርዶ አያውቅም። ከጥር ወዲህ ግን ጠባዩ ተለወጠብኝ። ስደውል አያነሳም፤ ካነሳም ‹ደህና ነኝ› ብሎ ይዘጋዋል። ራሴን ያመኛል ይላል። ምግብም አይበላም አሉ። አብሮት የሚኖረው ልጅ ‹ሌሊቱን ሙሉ መጽሐፍ ከፍቶ ይቀመጣል፤ ገጹን ግን አይገልጥም› አለኝ። ባለፈው እሑድ ደግሞ ‹እታለም፣ ዘንድሮ ካልሆነልኝ የአባባን ዓይን አላይም› አለኝ። ደንግጬ ‹ምን ማለትህ ነው? በርታ እንጂ! ተስፋችን እኮ አንተ ነህ!› አልኩት። ዝም አለ። በማግሥቱ ስደውል ስልኩን ያነሳው ጓደኛው ነው። ‹ስልኩን ለኔ ሰጥቶኛል፤ ከእንግዲህ አይጠቅመኝም አለ› አለኝ። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል ይሂድ ትላለች። አባቴ ስንፍና ነው ይላል። እኔ ምን ላድርግ?»

ይህን ያነበብኩት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። «ስልኩን ለኔ ሰጥቶኛል» የምትለው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ጋዜጣ እስኪወጣ የሚጠብቅ ጉዳይ አለመሆኑ ገባኝ። ወዲያው መለስኩላት፦ «ነገ ጠዋት ሂጂ። አሁን ደግሞ ለጓደኛው ደውዪና እስክትደርሺ ብቻውን እንዳይተወው ንገሪው።» የሚወደውን ዕቃ ያለ ምክንያት ለሰው የሚያድል፣ «ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» የሚል፣ የሰው ዓይን ማየት ያቃተው ልጅ ምናልባት እየተሰናበተ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ግን እንዲህ ባለ ነገር ተሳስቶ 400 ኪሎ ሜትር በከንቱ መሄድ ይሻላል።

ሄደች። አለቃዋን አስፈቅዳ በማለዳ የደሴን መኪና ያዘች። ወንድሟ በሕይወት አለ፤ የደረሰበትን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ከናንተ ጋር የምነጋገረው አለ። ይህ አምድ በብዛት የሚነበበው አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ባሉ ወጣቶች ነው። ከናንተ ውስጥ ደግሞ ገጠር የሚማር ወንድም፣ የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ የሌለው ስንት ነው? በየወሩ 1,000 ብር ልካችሁ «እኔ የድርሻዬን ተወጥቻለሁ» የምትሉትን ማለቴ ነው።

«ተስፋችን አንተ ነህ» የምትለዋን ነገር እንያት። ስትሰማ ምርቃት ትመስላለች። ሁላችንም ብለናታል፤ ተብለንባታልም። ልጁ ዘንድ ስትደርስ ግን ትርጉሟ ሌላ ነው፦ «አንተ ከወደቅህ ሁላችንም ወደቅን»። የአባቱ ዕዳ፣ የእናቱ ወገብ፣ የታናናሾቹ ደብተር፣ የእህቱ የካሸር ደሞዝ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ፈተና ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ያ ፈተና ደግሞ ምን እንደሚመስል ልጁ ከናንተ የበለጠ ያውቃል። የ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ውጤት ጥር 2015 ላይ ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ከመቶ 3.2 ሆነ። በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። እየተሻሻለ ነው፤ እሰየው። ነገር ግን 60 ተማሪ ያለበትን ክፍል አስቡና ቁጠሩት። በ8.4 ሒሳብ አምስት ልጅ ያልፋል፤ 55ቱ ይቀራል። ይህም አማካዩ ነው። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ከትምህርት ቤቱ አንድም ሰው! እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ፣ አምና የቀሩትን ጎበዝ ጎበዝ ልጆች በዓይኑ ያየ ልጅ፣ «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ፣ ታልፋለህ» ስትሉት በሆዱ «እከሌም ጎበዝ ነበር» ይላል። በአፉ ግን «እሺ» ነው የሚላችሁ። የገጠር ልጅ ለታላቁ «እሺ» ብሎ ነው ያደገው።

እኔም የገጠር ልጅ ስለሆንኩ (ከተሜ መስዬ ብጽፍም!) የተከራይ ተማሪን ኑሮ ከወሬ አይደለም የማውቀው። ክፍሏ አንዲት የጭቃ ቤት ናት። ሦስት ሆነው ይተኙባታል። ዓርብ ከሰዓት አንዱ ስንቅ ሊያመጣ ወደ አገሩ ይወጣል፤ ሦስት አራት ሰዓት በእግር። እሑድ ማታ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ ተሸክሞ ይመለሳል። እስከ ረቡዕ ይበላል። ከሐሙስ በኋላ ያለውን አትጠይቁኝ። ቤት ሲሄድ ደግሞ አጨዳው፣ ጉልጓሎው፣ ከብቱ ይጠብቀዋል። «ተማሪ ነኝ» ብሎ አይቀመጥም፤ ቢቀመጥም ራሱ ያፍራል። መብራት ሲጠፋ ይጠፋል። ላቦራቶሪ የሚባለው ቤት ተቆልፎ ወንበር የሚከማችበት ነው። የፊዚክስ መምህሩ መንፈቅ ዓመቱ ሳያልቅ ተዛውሮ ምትክ አልመጣም።

እንዲህ ሆኖ ሰኔና ሐምሌ ሲደርስ ሌላ ነገር ይመጣል። ከጥቅምት 2015 ጀምሮ ብዙዎቹ የሚፈተኑት ተሰብስበው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ነው። ለከተማ ልጅ ይህ ሽርሽር ሊመስለው ይችላል። ከወረዳው ወጥቶ ለማያውቅ ልጅ ግን ከማያውቃቸው ጋር በማያውቀው ዶርም ማደር፣ በፌዴራል ፖሊስ ተፈትሾ መግባት፣ ስልክ ስለማይፈቀድ የቤተሰብ ድምፅ ሳይሰማ መሰንበት ነው። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒዩተር ሆኗል። ማውስ ጨብጦ የማያውቅን ልጅ አስቡት። እኛ እዚህ ካፌ ተቀምጠን «ፋራ» እያልን የምንቀልድበት ልጅ እሱ ነው።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። ትግራይ ውስጥ በኮቪድና በጦርነቱ ምክንያት ዓመታት ከትምህርት ውጭ የቆዩ፣ አማራ ክልል ከ2015 ክረምት ወዲህ ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች አሉ። 20 እና 21 ዓመት ሆኗቸው 12ኛ ክፍል የተቀመጡ፣ እኩዮቻቸው ወይ አግብተው ወይ ተሰደው ብቻቸውን የቀሩ። የእህታችን ወንድምም 20 ዓመቱ ነው።

የሴቶቹን ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያነሳውም። እሷ ዓርብ ስንቅ ልታመጣ ስትሄድ መንገዱ ያስፈራታል። ተከራይታ ስትኖር አከራዩም፣ የጎረምሳው ጓደኛም፣ አንዳንዴ አስተማሪውም ያስፈራታል። ለወንዱ መቅረት ማለት ኀፍረት ነው። ለእሷ ብዙ ጊዜ ትዳር ነው፤ «በቃሽ፣ ሞከርሽው» ትባልና ሽማግሌ ይላካል። ወይም ቤይሩትና ሳዑዲ። ባለፈው ዓመት የጻፈችልኝ አንዲት የ12ኛ ክፍል ልጅ «ፈተናውን አልፈራም፤ የምፈራው ከፈተናው በኋላ ያለውን ሳምንት ነው» ብላኝ ነበር። እህት ያላችሁ፣ ከፈተናው በፊት ለአባትየው ደውላችሁ «ብትቀርም እንደገና ትፈተናለች፣ ወጪው በኔ» በሉ። አንድ ስልክ ነው። ሽማግሌ የሚመልስ ስልክ።

እንግዲህ ወደ ጭንቀቱ እንምጣ። የገጠር ልጅ «ዲፕረስድ ሆኛለሁ» ብሎ አይደውልላችሁም። «ራሴን ያመኛል»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «ጨጓራዬ ነው»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው የሚለው። የሚዋሽ እንዳይመስላችሁ፤ በእርግጥም ያመዋል። ጭንቀት ሲበዛ በሰውነት በኩል ይናገራል። ፓናዶል ልካችሁ አትገላገሉ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፉም ምግቡም ከተዛባ፣ ይወደው የነበረውን ኳስ ወይም መዝሙር ከተወ፣ ከጓደኛ ከራቀ፣ «እኔ ለማንም አልረባም» ማለት ካበዛ ይህ ስንፍና አይደለም። አባትየው ስንፍና ነው ማለታቸውን አልፈርድባቸውም። እሳቸው የሚያውቁት የድካም ዓይነት በሬ የሚጠምድ ሰው ድካም ነው። ያ ደግሞ ተኝተው ሲነሱ ይለቃል።

የጫትንም ነገር ላንሳ፤ ወሎ ነውና አንደባበቅም። «ሌሊት ለማንበብ» ተብሎ ይጀመራል። ሌሊቱን ያስነብባል ወይ? ዓይን ያፈጣል። ንጋት ላይ እንቅልፍ የለ፣ ከሰዓት ድብርት። በድብርቱ ላይ የፈተናው ፍርሃት ሲጨመር ልጁ ጭራሽ ይወድቃል። ወንድማችሁ የሚቅም ከሆነ አትሳደቡት፤ «ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ብላችሁ ጀምሩ። የሚያጠና አእምሮ እንቅልፍ ይፈልጋል፤ ተኝቶ ያደረ ልጅ ያነበበው ይያዝለታል።

እናትየው ያሉት ጠበልስ? እዚህ ላይ አንዳንድ የከተማ ልጆች ወዲያው ከእናታቸው ጋር ጦርነት ይከፍታሉ። ለምን? እናት ልጇን ይዛ ሌሊት ተነስታ መንገድ መሄዷ በራሱ ለልጁ «ብቻህን አይደለህም» ማለት ነው። ይጠመቅ። ጤና ጣቢያም ይሂድ። ሁለቱ አይጣሉም። የሚጣሉት «ጠበል ከጀመርክ መድኃኒት ተው» የሚል ሰው ሲመጣ ነው፤ እሱን ሰው አትስሙት። ለእህታችን ያልኳትም ይኸንኑ ነው፦ «እማማን አትከራከሪያት። ‹ጠበሉን ባንቺ፣ ጤና ጣቢያውን በኔ› በያት።» እናትየው ወዲያው ነው የተስማሙት። «መቼ እምቢ አልኩ!» አሉ አሉ።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የከበደችው ነገር። እህታችን ደሴ ሳትደርስ ከመኪና ላይ ሆና ጻፈችልኝ፦ «ሳገኘው ምን ልበለው? ስለ መሞት ካነሳሁ ያላሰበውን አሳስበዋለሁ ብዬ ፈራሁ።» ይህ ፍርሃት የብዙ ሰው ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም። የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች በዓለም ዙሪያ የሚመክሩት በግልጽ መጠየቅን ነው። እንዲያውም ልጁ ተሸክሞት የዞረውን ነገር የሚያወርድበት ቦታ ያገኛል። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱ። ብቻችሁን ሁኑ፣ ረጋ በሉ፣ ጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ከዚያ ዝም በሉ። ስድብ የለም፣ ስብከት የለም፣ «እማማን ልትገድላት ነው?» የለም። ዝም።

ጠየቀችው። ከተማዋ ዳር ያለች ድልድይ ላይ ተቀምጠው ነው። ረጅም ሰዓት አልመለሰላትም አለች። ቀጥሎ «አዎ» አላት። አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። ሲጨርሱ «ራበኝ» አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በወጉ ያልበላ ልጅ!

«አዎ» የተባለ እንደሆነ ቀጥሎ ያለው ሥራ ብዙ ነው፤ እሷም ሠርታዋለች። ለአብሮ አዳሪዎቹ በግልጽ ነገረቻቸው፤ አንዱ ስንቅ ሲሄድ አንዱ ከእሱ እንዳይለይ። ለእናቷ ደውላ ቤት ውስጥ ያለው የእህልና የሰብል መድኃኒት ተቆልፎበት ቁልፉ እናትየው ጋ እንዲሆን አደረገች። (ይህን ነገር አትናቁት። ክፉ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይመጣና ያልፋል፤ በመጣበት ሰዓት አደገኛ ነገር እጅ ላይ አለመኖሩ ብቻ ሰው ያተርፋል።) በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ዕድለኛ ሆነው ስለ አእምሮ ሕመም ሥልጠና የወሰደ ነርስ አገኙ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ከሌለ ወደ ሆስፒታል እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ከገባችሁ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ፈልጉ፤ ቤተሰቡን በስም ታውቃለች፣ የት እንደሚኬድም ታውቃለች። የኛ አገር ሰው የአእምሮ ሕክምና ሲባል «አማኑኤል ልትከተኝ ነው?» ይላል። አይደለም። ነርሱ ያደረገው ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሐሳቡ አንድ ሰዓት ያህል መጠየቅና በሳምንቱ መቅጠር ነው።

ከዚያ ትምህርት ቤት ገባች። የሆምሩም መምህሩን አገኘች። መምህሩ ከልጁ ብዙም አይበልጥ፤ ደሞዙ የማይበቃው፣ ራሱም የሰለቸው ወጣት ነው። ግን ሰማት። ልጁን በሳምንት ሁለቴ «እንዴት ነህ?» ሊለው ቃል ገባ። ብዙ ሰው ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጁ ሲቀጣ ብቻ ነው። ስለ ልጁ ጭንቀት የሚያወራ ዘመድ ሲመጣ መምህሩም ይገርመዋል። በነገራችን ላይ እያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካሪ ቢኖረው መልካም ነበር። እስኪኖረው ድረስ ግን አንድ መምህር፣ አንድ ነርስ፣ አንድ ጓደኛ ይዛችሁ ጀምሩ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልበል። እኔ 12ኛን የተፈተንኩት በ2008 ነው። ታስታውሱ እንደሆነ የዚያ ዓመት ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ግንቦት ላይ ተሰረዘና ሐምሌ ላይ እንደገና ተፈተንን። ያ አንድ ወር ከምንም በላይ አድካሚ ነበር። ውጤት ሲመጣ ነጥቡ አልሞላልኝም። ውጤቱን አይታ የደወለችልኝ አዲስ አበባ የምትኖር አክስቴ ናት። ነጥቤን ነገረችኝ። «አልሞላም» አለችኝ። ትንፋሽ ሳትወስድ ደግሞ «ማክሰኞ መኪና አለ፤ ፍራሽ ገዝቼልሃለሁ» አለችኝ። ፍራሹን የገዛችው ውጤት ከመምጣቱ በፊት ነው! ባልፍም ልቀርም ልትቀበለኝ ተዘጋጅታ ነበር ማለት ነው። ይህን ስሰማ ያለቀስኩት በነጥቡ አይደለም።

ይህን የማነሳው ስለ ሥራችሁ ልነግራችሁ ነው። አዎ፣ ሥራ አላችሁ። ብዙ የገጠር ተማሪ ኔትወርክ ስለሌለው የመመዝገቢያ ቁጥሩን ለከተማ ዘመዱ ይልካል። ውጤቱን መጀመሪያ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ነገሩን የምትናገሩበትን መንገድ ከአሁኑ አስቡ። ስክሪን ሾት አንስቶ መላክ ነውር ነው። ሌሊት አትደውሉ። በደወላችሁ ጊዜ «የት ነህ? ከማን ጋር ነህ?» በሉ፤ ብቻውን ከሆነ ጓደኛው ጋ ይሂድ፣ መልሳችሁ ደውሉ። ቁጥሩን ንገሩት፤ «ወደቅህ» የሚል ቃል ግን ከአፋችሁ አይውጣ። ቀጥላችሁም የምትሉት ተጨባጭ ነገር ይኑር፤ «አይዞህ» ብቻውን ከስልክ ሲወጣ ባዶ ነው።

ተጨባጩ ምንድን ነው? ከፈተናው በፊት ቁጭ ብላችሁ የምትነጋገሩት ነዋ። ከ600 300 ካልሞላ፣ ከ2015 ጀምሮ የመጣው የአቅም ማሻሻያ (ሬሜዲያል የሚሉት) አለ፤ የሚገባበት ነጥብ ግን በየዓመቱ ስለሚወሰን እርግጠኛ አድርጋችሁ ቃል አትግቡ። በግል ተመዝግቦ መልሶ መፈተን አለ። ቴክኒክና ሙያ አለ። ቴክኒክና ሙያን «የወዳቂ» የሚል ሰው የቧንቧ ሠራተኛ ጠርቶ ከፍሎ አያውቅም መሰለኝ። መሬት ያለው ደግሞ መሬት አለው። ልጁ ራሱ የሚመርጠውን አንድ ሁለተኛ መንገድ በአፉ ሲናገረው ስሙት። ይህ ያሰንፈዋል የሚሉ አሉ። አያሰንፈውም። ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ማንበብ አይችልም፤ ትንሽ ወደ ኋላ ሲል ነው መጽሐፉ የሚታየው።

የእህታችንም ወንድም ገጹን መግለጥ ጀምሯል። ነርሱ ጋ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል፤ ሦስተኛ ቀጠሮ አለው። እንቅልፉ ገና ነው። ስልኩንም ከጓደኛው ተቀብሏል። አንድ ያልሆነላት ነገር ግን ነበር፤ አባትየው። ልጁ የፈራው የእሳቸውን ዓይን ነውና እሳቸው ካልተናገሩ የእሷ ልፋት ግማሽ ነው። «አባባን ‹ልጅህ ሊሞት ነበር› ብዬ ልንገረው ወይ?» አለችኝ። ልጁ ካልፈቀደ ሁሉንም አትንገሪያቸው፤ «በጣም ተጨንቋል፣ ያንተን ቃል ነው የሚጠብቀው» በያቸው አልኳት። አለቻቸው። አባትየው ያን ቀን መልስ አልሰጡም። ቅዳሜ ገበያ ወርደው ግን የልጁን ቤት አንኳኩ። ስለ ትምህርት አንድም ቃል አልተነፈሱም አሉ። ቆሎ አስቀመጡ፣ ተቀመጡ፣ ሲነሱ «ማሽላው ዘንድሮ ሳይከፋ አይቀርም፤ ብታመጣም ባታመጣም ኅዳር ላይ ሰው ይጎድለኛል፤ እጠብቅሃለሁ» ብለው ሄዱ።

ልጁ ይህን ለእህቱ ሲነግራት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነው የነገራት። «ብታመጣም ባታመጣም አለኝ፣ እታለም።»

አሁን የቀራት ጥያቄ አንድ ነው። ውጤት በሚነገርበት ሳምንት እዚያው መሆን ትፈልጋለች፤ አለቃዋ ደግሞ «ቀኑን ንገሪኝና ፈቃድ እሰጥሻለሁ» ይሏታል። የውጤት ቀን አስቀድሞ የት ይታወቃል! መስከረም ላይ የዓመት ፈቃድሽን ሳትነኪ አቆዪ፣ የሥራ ባልደረባሽን ፈረቃ እንድትሸፍንልሽ ከአሁኑ ለምኛት፣ ካልሆነ ደግሞ ለነርሱና ለሆምሩም መምህሩ ቀድመሽ ደውለሽ አንዳቸው ልጁ ዘንድ ሲደርሱ ብቻ ቁጥሩን ክፈቺ ብያታለሁ። ባልደረባዋ እሺ ብላለች፤ በምላሹ የጥምቀትን ፈረቃ ወስዳባታለች።